የአያ ይርሳው መኪና ደህናው ጎን

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ የገዛትን አሮጌ መኪና እንዳይለት ጠራኝ። እሱ ሞተሩን ከፍቶ ሲጠብቀኝ እኔ ከበሩ ስር ተንበረከክሁ። በሮቹን ተከትሎ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ላሜራ፣ እኔ ደፍ የምለውን፣ በቁልፍ ጀርባ መታ መታ አደረግሁት። ደህና ላሜራ ይጮሃል፤ የበሰበሰ ዝም ይላል። ጮኸ። ልጁ ደስ ብሎት ሳቀ፤ እኔ ግን ደግሜ መታሁት።

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ብየዳ ቤት ነበረችኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣለ በር እየቆረጥሁ እየገጠምሁ ለብቻዬ ለመድሁት። ስለማላወራ ሰው ኩራተኛ ይለኛል፤ ልኬን ግን ያምናል። በዚያ ኅዳር ቀበሌው ወጣት እየመዘገበ ወደ ጦር ይልክ ነበር። መሥሪያ ቤት ያለው ወረቀቱን ያሳያል። ለራሱ የሚሠራ ምን ያሳያል? ደጄ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጓሮ አጥር ይሄድ ነበር።

አያ ይርሳው ከቡሬ በርበሬ የሚያመላልሱ ሽማግሌ ነበሩ። የመኪናቸው የግራ ደፍ በስብሶ ነበር። የበርበሬ ብናኝና ጭቃ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ የክረምቱ ዝናብ እዚያው ከርሟል። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ።

«ለቅዳሜ አድርስልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

አዲሱን ላሜራ ሦስት ጊዜ በክር ለካሁ። እንዲመቸኝ በሮቹን ፈታሁ፣ መኪናዋን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስደገፍሁ፣ ቆረጥሁ፣ በየድሁ። ደፉ ውስጥ የቀረው በርበሬ በእሳቱ እየተቃጠለ ሲያስለኝ ዋለ። ዓርብ ጠዋት በሩን ስገጥም የላይኛው ጥግ በሩ ከሚያርፍበት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ልኬ ልክ ነበር። የተሳሳትሁት ሆዷን አለማስደገፌ ነው፤ ደፉ ሲቆረጥ መሐሏ ወርዷል፣ እኔም ጉብጠቷን በይጄ አጽንቻታለሁ። የበሩን ጥግ ሞርጄ፣ ስቱኮ ለቅልቄ ቀለም ብቀባው ይዘጋ ነበር። ሞረዱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ከዚያ የበየድሁትን መቁረጥ ጀመርሁ።

አያ ይርሳው በእህል መኪና ተሳፍረው የደረሱት ይኼኔ ነው።

«የታረደ በሬ ደግሞ ይታረዳል?»

«ተሳስቻለሁ አያ። ለነገ አትደርስም።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከኪሳቸው ቆሎ አወጡ። ገና አንድ ጭብጥ ሳይጨርሱ ሁለት የቀበሌ ሰዎች ገቡ፤ አንዱ ጠመንጃ፣ ሌላው ደብተር ይዟል። ባለደብተሩ በበርበሬው ጭስ እያስነጠሰ፣

«መሥሪያ ቤትህ የት ነው?» አለኝ።

«እዚሁ ነው።»

«ወረቀትስ?»

ዓይኔ ወደ ጓሮ አጥር ሄደ። አያ ይርሳው ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ወረቀቱ ይቻትና» አሉ። «መኪናዬን ጎኗን ከፍቶ አቁሟታል። እሱን ከወሰዳችሁት እናንተ ትገጥሙልኛላችሁ?»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሦስት ቀን» አልሁ። ሥራው የሦስት ቀን ነበር።

አያ ይርሳው እንደ ጅል አዩኝ። «ይሄኛው ጎን ሦስት ቀን ነው። ያኛውም በስብሷል፤ ገና አልተነካም።»

ሰውዬው ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «እንመለሳለን» ብሎ ወጣ።

ዞሬ የቀኙን ደፍ መታሁት። ጮኸ።

«ይሄ እኮ ደህና ነው አያ።»

«መኪናዋ የማን ናት?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያስ ቁረጠው። ሲመለሱ ምን ልታሳያቸው ነው?»

ደህና ላሜራ ቆርጬ አላውቅም ነበር። አሁን ሆዷን በክሪክ ደገፍሁ፣ በምሰሶዎቿ መካከል እንጨት ወጠርሁ፣ ቆረጥሁ። ምልመላው እስኪያበቃ በቀን አንድ ስንዝር ያህል እየበየድሁ፣ ሲያሻኝም መልሼ እየቆረጥሁ ሰነበትሁ። የቀበሌው ሰዎች ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም መኪናዋ ክፍት ነበረች። አያ ይርሳውን የበርበሬው ወቅት አለፋቸው። አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ከጎኔ ልብስ የሚሰፋው ሙሉቀን ግን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጦር ተጫነ። እጁ ፈጣን ነበር። የያዘውን ሥራ ሁሉ ጨርሶ፣ በካውያ ተኩሶ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ነበር። የሚያሳየው ያላለቀ ነገር አልነበረውም።

አያ ይርሳው ካረፉ ቆይተዋል። ቀበሌው የታዘዘው የወጣት ቁጥር መሙላት ነበረበት፤ እኔ ስቀር በማን እንደሞላ ዛሬም አስባለሁ። ሙሉቀን አልተመለሰም፤ እናቱ ግን በሕይወት አሉ። በደጃቸው ሳልፍ «እንዴት ዋልህ ልጄ» ይሉኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ» እላለሁ፤ ቆሜ ግን አላውቅም።