አርብ አርብ የሚዞሩት ጎማዎች

ዛሬ አርብ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከጁምዓ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ጓዳ ነበር የሚገቡት። እዚያ ለሚኒባሳቸው የገዟቸው አራት ትርፍ ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እያንዳንዱን ሩብ ዙር ያዞሩና አናቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። "ጎማ ሁልጊዜ ባንድ ጎኑ ከቆመ ያ ጎኑ ይሞታል" ይሉ ነበር። ሚስታቸው በጎማው ሽታ እንደተማረሩ ኖሩ። "ቤቴን እኮ ጋራዥ አደረጉብኝ!"

ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ የደረሰ ቀን ሁላችንም ሚኒባሱ ውስጥ ታጭቀናል፤ ሞተሩ ተነስቷል፤ ተኩሱ ከውጫሌ በኩል እየቀረበ ነው፤ እሳቸው ግን የሉም። ሮጬ ገባሁ። ጎማ እያዞሩ ነው!

"አጎቴ፣ አለቅን እኮ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

ቀና ሳይሉ፣ "መቼ እንደምንመለስ በምን አውቄ?" አሉኝ።

ከስደቱ ተመልሰንም፣ ለዚያ ጩኸቴ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ወደ አኼራ ሄዱ።

ከሞቱ ሁለት ወር ሆናቸው። ሚኒባሱ ተሸጧል፤ ጎማዎቹ ግን ጓዳ ናቸው። እስካሁን በሩን ለመክፈት አልደፈርኩም ነበር። ይሄኔ ባንድ ጎናቸው ሞተዋል እያልኩ ስብከነከን ቆየሁና ዛሬ ገባሁ። የአጎቴ ምልክት ወደ ጎን ዞሯል፤ ጎማዎቹ አናት ላይ አዲስ የጠመኔ ምልክት አለ።

ዞር ስል ሚስታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ጣታቸው በጠመኔ ነጥቷል።

"ምን ታፈጫለሽ?" አሉኝ። "አርብ አይደለም እንዴ?"