ፊልሙን የተረጎምኩ ዕለት

አባቴን ከሆቴሉ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ደርግ ነው እላለሁ፤ ደርግ የወረሰው ግን ሕንፃውን ብቻ ነበር።

ቀበና ወንዝ ዳር አሥራ አራት ክፍል ያላት ሆቴል ነበረችን። ተወርሳ በቀበሌው ሥር ስትሆን አባቴን «ሥራውን ያውቀዋል» ብለው በደመወዝ ተቆጣጣሪ አደረጉት፤ ለእኛም ከጓሮ ሁለት የሠራተኛ ክፍሎች ሰጡን። በገዛ ሆቴሉ ተቀጥሮ እንኳ ጠዋት ጠዋት የእንግዳ አልጋ እየዞረ በእጁ ይዳብስ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል። አንድ ቆርቆሮ ለማስቀየር ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደብዳቤው ማኅተም ያጣል፣ ማኅተሙ ሲገኝ ክረምቱ ወጥቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር አባቴ ደረጃውን እየሮጠ ይወጣና «ቤት ባለቤቱን ያውቃል! እስኪመለስልን ድረስ ግን ባልዲ አቀብሉኝ!» ይላል። እናቴ አፉን በእጇ ልትይዝ ትሮጣለች። እኔ እስቃለሁ። የዚያ ዘመን ሰው «እስኪመለስልን» የምትል ቃል ምን ይዛ እንደምትመጣ ያውቃል። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም።

አባቴ ሆቴሉ ከተወሰደበት በኋላ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢቀረው የእኔ እንግሊዝኛ ነበር። በደህናው ጊዜ የፈረንጅ ትምህርት ቤት አስገብቶኝ ነበርና ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይቺ ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች» ይላል። እውነቱን ለመናገር የማውቀው መዝሙርና ሰላምታ ነበር። ግን ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኛል፤ አላረምኩትም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ ፊልም ይታያል። ቋንቋው የባዕድ ስለሆነ አንድ ሰው ሸራው አጠገብ ማይክራፎን ይዞ ቆሞ ይተረጉማል። በዚያ ሰሞን የወትሮው ተርጓሚ ለውትድርና ሄዶ ነበር። ይመጣል የተባለው የትራክተር ፊልምም ሳይመጣ ቀረ፤ የፊልም ማሽኑን የሚያሠራው ሰውዬ ከአንድ መጋዘን ያገኘውን የድሮ የፈረንጅ ቀልድ ይዞ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከአብዮቱ በፊት ዩኒፎርሜን ይሰፋልኝ የነበረ ልብስ ሰፊ፣ «የቡርዧን ኑሮ ለማጋለጥ ይጠቅማል» ብሎ ፈቀደ። ከዚያ አዳራሹን ቃኘና «የባለሆቴሉ ልጅ ትተርጉም» አለ። አባቴ ከሦስተኛው ረድፍ ተነስቶ አጨበጨበልኝ።

ፊልሙ ላይ፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ አንድ ቤተሰብ ተራራ ላይ ያለ ሆቴል ይወርሳል። ሰዎች እግራቸው ላይ ጣውላ አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት አገር ነው። ሰውየው ሀብታም ሆንኩ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሲሄድ በሩ ሲነካ ይወድቃል፣ ምድጃው ያጨሳል፣ አልጋው ወለሉን ቀዶ ምድር ቤት ይወርዳል። እኛ የምናውቀው በረዶ ጣሪያ የሚደበድበውን ነውና አንዲት ሴትዮ «ይህ ሁሉ በረዶ ወርዶ ቆርቆሮው እንዴት አልተበሳም?» ብላ ጮኸች።

ከሚያወሩት አንዱም አልገባኝም። አፋቸው እንደ ስፌት መኪና ነው የሚሮጠው። «ተርጉሚ እንጂ!» ብለው ጮኹብኝ፤ ከኋላ የተቀመጡት የክፍሌ ልጆች መሳሳቅ ጀመሩ። ስለዚህ ፈጠርኩ። ሚስቲቱ ስትቆጣ የእናቴን ቁጣ ሰጠኋት፤ ተሳቀ። ጣፈጠኝ። ከዚያ በረዶው ቀልጦ በጣሪያው ሲፈስ ሰውየው እጁን እያወናጨፈ ደረጃውን ወጣ። እኔም ድምፄን አጎርንኜ፣ ልክ እንደ አባቴ፣ «ቤት ባለቤቱን ያውቃል! እስኪመለስልን ድረስ ግን ባልዲ አቀብሉኝ!» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የሆቴሉ ሠራተኞች ይህን ስንት ጊዜ በጆሯቸው ሰምተውታል፤ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሩ። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በዚያ አዳራሽ ግን ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነበር።

በሳምንቱ የሆቴሉ ሠራተኞች ለሂስና ግለሂስ ተሰበሰቡ። ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ራሱን የሚከስበት፣ እነሱም ክሱን የሚያሟሉለት ስብሰባ ነው። እኔንም አስጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «‹እስኪመለስልን› ያልሽው ፈረንጁ ያለውን ነው ወይስ ከየት አመጣሽው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። የሚያድነው መልስ አጭር ነበር፦ እንግሊዝኛው አልገባኝም፣ ዝም ብዬ ቀባጠርኩ። ልጅ ቀባጠረች ተብሎ ሰው ከሥራ አይባረርም። ግን የክፍሌ ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ፤ «አልገባኝም» ብል ነገ ትምህርት ቤት መሳቂያ እሆናለሁ።

«ፈረንጁ ያለው ሌላ ነው፤ በደንብ ገብቶኛል» አልኩ። «አባቴ ቤት ውስጥ የሚለውን ነው ለማሳቅ ብዬ ያስገባሁት።»

«ሰሙ ጓድ?» አለው ሊቀመንበሩ አባቴን። ያን ሁሉ ሰው አንተ እያለ እሱን ብቻ አንቱ ማለቱ ከስድብ ይከፋ ነበር።

አባቴ ተነስቶ «የአሮጌው ሥርዓት ናፋቂ ነኝ» ብሎ ራሱን ከሰሰ። ተጨበጨበ። አባቴ ልጇን ክርስትና ያነሳላት የሆቴሉ ወጥ ሠሪ እጇን አውጥታ «ሌላም ሌላም ይላል» ስትል ጭብጨባው ባሰ።

ከሆቴሉ አንስተው እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ጠባቂ አደረጉት። ሥራው እንጨት የሚለቅሙትን ሴቶች ማባረር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ሰው። የጓሮዎቹንም ክፍሎች አስለቀቁንና የካ ሚካኤል ግድም አንዲት የጭቃ ቤት ተመራን።

ዕቃ ባወጣንበት ቀን ሊቀመንበሩ ከበረንዳው ላይ ቆሞ ያየን ነበር። እናቴ ከስብሰባው ወዲህ አላናገረችኝም፤ ያን ቀን ግን አልቻለችም። «ምላስሽ ይቆረጥ!» አለችኝ በሰው ፊት።

አባቴ ፍራሹን በአንድ ወገን ይዞ ነበር፣ እኔ በሌላው። «ተይ፣ ልጅ አይረገምም» አላት። «ያን ሁሉ ፊልም አንዲት ቃል ሳታስቀር አይደል እንዴ የተረጎመችው? ልፋቴ ሜዳ ላይ አልቀረም።»

እስኪሞት ድረስ ለጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ኖረ። አንዲት ቃል እንኳ እንዳልገባኝ አንድም ቀን አልነገርኩትም።