የጠማው መቀነት

በሰባዎቹ ዓመታት ጂንካ ላይ ሰዓት የምትጠግን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። “ሴት ልጅ የሰዓት ሆድ ከፍታ ምን ታያለች?” ለሚሉኝ ሁሉ በሥራዬ እመልስላቸው ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ በምላሴ።

አንድ ቀን ከኦሞራቴ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ውኃ የሞላ የወተት ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በክረምቱ ሙላት ኦሞ ወንዝ ላይ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ነበር፤ ሰዎቹ ዋኝተው ሲወጡ ጭነቱ እዚያው ቀረ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጀልባዋ ከደለሉ ብቅ አለች። ቆርቆሮው ውስጥ ከእሷ የወጣ አንድ የናስ አምባርና በዶቃ የተሰፋ የቆዳ መቀነት ነበር። የዕቃዎቹ ባለቤት የዳሰነች ብሔረሰብ ሴት ናት። መቀነቱን የሰፋችው በሕይወት የሌለችው እናቷ ስትሆን፣ ሴትየዋ ልጇን ስትድር ልታስታጥቃት ነበር ያስቀመጠችው። ሠርጉ አንድ ወር ቀርቶታል።

“መልእክት አለሽ” አለኝ ሾፌሩ እየሳቀ። “‘ውኃ ይጠጣ፤ ከጠማው ይሞታል’ ብላለች።”

እኔም ሳቅሁ። ከብት መሰላት እንዴ! አማርኛው አልመጣላት ብሎ ነው ብዬ አለፍኩት። አምባሩን በሎሚና በአመድ አሽቼ አዲስ አስመሰልኩት፤ መቀነቱን ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጫፉ ተሰንጥቆ ሦስት ዶቃዎች መሬት ላይ ወድቀዋል። ክው አልኩ። ሴትየዋ አማርኛ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ወዲያው ውኃ ውስጥ መለስኩት። ውኃውን በየቀኑ እየቀየርኩ፣ ደለሉን በዶሮ ላባ እየጠረግሁ ሳምንት አቆየሁት። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አኖርኩት፤ እርጥበቱን ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ቆዳውን በጣቴ ጫፍ ቅቤ እቀባው ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው “ሰዓቱን ትተሽ ሕፃን ማሳደግ ጀመርሽ?” እያለ ይቀልድብኛል።

“አንተ ቁልፍህን ትከል!” እለዋለሁ።

በወሩ መጨረሻ ሴትየዋ ልጇን ይዛ መጣች። መቀነቱን በጣቶቿ ዳበሰችው፤ የተሰነጠቀው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“እዚህ ጋ ጠማው” አለች።

በኀፍረት ፊቴ ጋለ፤ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ነገርኳት። እሷ መቀነቱን አጠፈችው። ልብስ ሰፊው እንኳ የስፌት መኪናውን አቁሞ ያያል። ቆዳው ሲታጠፍ አልተሰነጠቀም። ደግማ አጠፈችው፤ እንደ ጨርቅ ተለመጠላት። ልጇ ወገብ ላይ አሰረችውና በፈገግታ ዞራ አየችኝ።

“ሌላው ጠግቧል!”

የወደቁትን ሦስት ዶቃዎች ከሰዓት ብሎኖቼ መሀል አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቱን ይዛ አንዱን መዳፌ ላይ መለሰችው።

“ይኼ ያንቺ።”

ያኔ ነው እልል ያልኩት፤ ልብስ ሰፊው በደንብ እንዲሰማ አድርጌ።