መጨረሻውን ቀድማ የምታውቀው ሙፊዳ

በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከባቡሩ መስመር ብዙም በማይርቀው አንድ ብሎክ ውስጥ፣ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ክረምቱን ቢያሳልፍ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ቢደርቅ፣ ቆሻሻው በር ላይ ቢከመር፣ ሁሉም ጎረቤቱን አይቶ፣ ጎረቤቱም እሱን አይቶ ያልፋል። በቻይናው ፊልም የንጉሡ ሁለተኛ ሚስት ሻይ ውስጥ ምን ተጨመረ ብሎ ግን የማይጨነቅ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤት የሚመለሰውም፣ ከባንክ የሚመለሰውም፣ ጡረታ ወጥቶ ከየትም የማይመለሰውም እሁድ ከሰዓት የጋራ ቤቱ ውስጥ ይሰበሰብና በሰው አገር ቤተ መንግሥት ላይ ፍርድ ይሰጣል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይሄን።

ለዚህ ሥራ ፈትነታቸው ደግሞ ደንብ ነበራቸው። ፊልሙ በአንድ ፍላሽ ይመጣል። አንድ ሰው ብቻውን የንጉሡንም፣ የንግሥቲቱንም፣ የዘንዶውንም ድምፅ እየሆነ ወደ አማርኛ የመለሰው ነው፤ ዘንዶው ሲናደድም ልክ እንደ ንግሥቲቱ ይናደዳል። ፍላሹ ከላይኛው ፎቅ ይጀምርና ቤት ለቤት እየወረደ ሳምንቱን ይዞራል። ለሳምንቱ ከተጫነው ክፍል በላይ ከሌላ ቦታ አፈላልጎ ማየት ነውር ነው፤ ያለ ተራ ዕቁብ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያወጡት የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። የውሃው ሞተር ላለበት የብረት ቤት ቁልፍ መግዛት አቅቷቸው በሽቦ ያሰሩት ሰውዬ፣ ለፍላሽ ሕግ ለማውጣት አንድ ስብሰባ አልፈጀባቸውም።

በዚህ ሸንጎ ላይ የመጨረሻው ቃል የሙፊዳ ነበር።

ሙፊዳ ልብስ ሰፊ ናት። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ በልጅነቷ አክስቷ ዘንድ መጥታ ልደታ የቀበሌ ቤት ውስጥ አደገች። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ባሏን ከፈታች ቆይታለች፤ አንዲቱ ልጇ ደሴ ተድራለች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ስትሠራ ትውላለች። ብሎኩ ውስጥ በገባች ሰሞን ጎረቤቶቿ የሚያውቋት ሱሪ ሲያጥርላቸው ወይም ቀሚስ ሲጠብባቸው ብቻ ነበር። ጨርቅ ይዘው ሲመጡ «ሙፊዳዬ» ትባላለች። ስብሰባ ላይ አፏን ስትከፍት ግን ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ ቀን ስለ ቆሻሻው ልትናገር ስትነሣ፣ በከር የሚባለው፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራው ጎረቤቷ፣ ገና ሁለት ቃል ሳትናገር «እሺ፣ ተይዟል» ብሎ አስቀምጧታል። ምን እንደተያዘ እስከ ዛሬ አልተነገራትም።

ከዚያ የበር ጠባቂው ፊልም መጣ። አልጋ ወራሹ ተመርዞ ይሞታል፤ ማን መረዘው ነው ጥያቄው። በከር ጣቱን እያጠፈ በማስረጃ አጎትየው መሆኑን አረጋገጠ። ከሙፊዳ በር ትይዩ የምትኖረው ሳሚያ ምራቲቱን ጠረጠረች። ሙፊዳ ጥግ ላይ ሆና፣ «በር ጠባቂው ነው። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው የሚፈራው» አለች። ሳቁባት። ፊልሙ እየገፋ ሄዶ ሄዶ በር ጠባቂው ንጉሡ ፊት ተንበርክኮ እየተንሰቀሰቀ ተናዘዘ። ሳቁም እዚያ ላይ ቆመ። ቀጥሎ በመጣው ፊልምም ልክ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ በመጣውም። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ «ሊቋ» ብለው ስም አወጡላት፤ ወንበር ተለቀቀላት። በከር እንኳ ከመናገሩ በፊት ፊቷን ማየት ጀመረ።

ምሥጢሩ አንድ ብልሃት የሌለበት ነገር ነው። ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት የረሻድ ፍላሽ ቤት አለ። ለብሎኩ በየሳምንቱ ፊልም የሚጭነው ረሻድ ነው። ደንበኛ ለመሳብ ብሎ ቴሌቪዥኑን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ተከታታዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀኑን ሙሉ ይለቀዋል። ሙፊዳ አንድ ዓይኗን መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኗን ቻይና ላይ አድርጋ ስትሰፋ ትውላለች። ብሎኩ ገና መርዙን ሲያሸት እሷ ቀባሪውን ታውቃለች።

ማታለል መሆኑ አልጠፋትም። ግን ዕድሜ ልኩን «ተይዟል» ሲባል የኖረ ሰው፣ ሲናገር ቤቱ ጸጥ ሲልለት ምን ያህል እንደሚጥመው የሚያውቀው የቀመሰው ነው። እሷም ቀመሰች፤ መተውም አቃታት።

የነጭ ሽመላዋን ፊልም በጀመሩ ሰሞን የብሎኩ የውሃ ሞተር ተሰረቀ። ሽመላዋ ተራራ ላይ ከሽማግሌ መምህሯ ጋር የምትኖር መድኃኒተኛ ናት፤ ሰው ሆና ትወርዳለች፤ ልዑል ትወዳለች፤ የሕይወቷ ሉል ይሰረቅባታል። የሉሉ ነገር ብሎኩን እንቅልፍ ነስቶት ሳለ ሞተሩን ሌባ ሽቦውን ፈትቶ ይዞት ሄደ። የብሎኩ ጥበቃ ሞቱማ ለዚያ የብረት ቤት ቁልፍ ይገዛ ብሎ ደጋግሞ ለምኖ ነበር። በለመነ ቁጥር ግን እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ውይይት ነው። ሞቱማ ከወለጋ የመጣ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሰላምታ ካልሰጡት ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

በሚቀጥለው እሁድ የጋራ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የፖሊስን ነገር አንድ ሰው አንሥቶ ነበር፤ በከር በእጁ መለሰው።

«ፖሊስ ምን ያደርጋል? እስቲ በሥርዓቱ እንመርምር። ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው ማን ነው?»

«ሞቱማ» አለች ሳሚያ።

«ሁላችንንም እያየ የማይናገረውስ?»

«ሞቱማ።»

«ዱካ ተገኝቷል?»

«ወለሉ ሲሚንቶ ነው እኮ» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ።

«አዩ? ዱካ የማይተው ሰው ነው።»

ይህን የሚናገረው የተማረ፣ ክራቫት የሚያስር፣ የሰው ብድር ማመልከቻ መርምሮ የሚፈርም ሰው ነው። አንድም ሰው አልሳቀም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

«በሉ ለሊቋ እንስጣት» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። «ሙፊዳ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሙፊዳ ስለ ሞተሩ የምታውቀው ነገር አልነበራትም። አላውቅም ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ግን በከር አፍ አፏን ያያል፤ ጸጥታውም ጣፈጣት።

«እንግዲህ በር የያዘ ሰው ብዙ ያያል» አለች። «ዝምታም ሲበዛ ከጀርባው ነገር አያጣም።»

«በቃ» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። «በሚመጣው እሁድ እጅ አውጥተን እናሰናብተዋለን። አሁን ወደ ሽመላዋ እንመለስ።»

ተመለሱም። የሰው እንጀራ ቆርጠው ሲያበቁ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ ለወፍ ሉል አዘኑ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞቱማ ጠመንጃ ያዥ ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆመ።

«ደህና አረፈዱ እትዬ ሙፊዳ።»

«ሞቱማ፣ ምን እግር ጣለህ?»

«ነገ ሊያባርሩኝ ነው አሉ። እርስዎ ዐውቀው ተናገሩ ተባለ። ያዩትን ይንገሩኝና እኔም የምመልሰውን ልወቅ ብዬ ነው።»

ሙፊዳ ጨርቁን አስተካከለች። መስተካከል የሚፈልግ ጨርቅ አልነበረም።

«እኔ ምንም አላየሁም።»

«ካላዩ በምን ዐወቁ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሌባ ተብሎ ለተባረረ ጥበቃ ሌላ ብሎክ በር አይከፍትም እትዬ» አለ ሞቱማ። «ልጆቹን ይዤ የት እገባለሁ?»

ያኔ ከረሻድ ቤት የዚያ የብቸኛው ተርጓሚ ድምፅ ከፍ ብሎ መጣ። ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ተንበርክኳል፤ ከሰፊው እጅጌው ውስጥ የሚያበራ ሉል ይንከባለላል። ሞቱማ ዞር ብሎ አየ።

«ይቺ ያቺ ሽመላ አይደለችም? የእነ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ?»

«ናት።»

«ደረጃ ላይ ሲያወሩ እሰማለሁ። ሉሏን ገና እየፈለገች ነው ይላሉ።»

«እነሱ ዘንድ ገና ናት» አለች ሙፊዳ፣ ቀና ሳትል። «እዚህ አልቃለች።»

ሞቱማ ቴሌቪዥኑን አየ፤ መኪናዋን አየ፤ እሷን አየ። ገባው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«እሺ» አለና ኮፍያውን አደረገ። «ደህና ይዋሉ።»

ያን ቀን ሙፊዳ የአንዱን ሱሪ እግር ገልብጣ ሰፋችው፤ ፈትታ ደግማ ሰፋችው። ነገ ቢናገርብኝስ ትላለች። ደግሞ ይናገርና ይገላግለኝ ትላለች። እሷ ከምትናገር እሱ እንዲያዋርዳት መረጠች፤ ሰው ከገዛ አፉ ከሚወጣ እውነት የሰው ዱላ ይቀለዋል።

እሁድ ሞቱማ በሩ አጠገብ ቆመ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ «የምትለው አለህ?» አሉት።

«አልሰረቅሁም» አለ። ሌላ አልጨመረም። ስለ ረሻድ ቤትም ቃል አልወጣውም። ሳሚያ የጎረቤቷን ክንድ ነካ አድርጋ፣ «አየሽው? ልክ እንደ በር ጠባቂው ነው የቆመው» አለች።

«ይሰናበት የምትሉ...» ብለው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጀመሩ።

«ይቆዩኝ» አለች ሙፊዳ። «እኔ ሞቱማ ሲሰርቅ አላየሁም። ያልሁት ሁሉ እንዲሁ ያልሁት ነው። ሊቅም አይደለሁም። የፊልሙን ጥፋተኛ የማውቀው ረሻድ ቤት ቀድሜ ስለማየው ነው።»

በከር ፈገግ አለ። «ትሕትና እኮ ነው። የሚያውቅ ሰው ሁሌም እንዲህ ነው።»

«አስፈራርቷት ነው» አለች ሳሚያ። «በባለፈው ፊልም ምስክሯ ዳኛው ፊት ቃሏን ስታጥፍ ምን ነበር? አስፈራርተዋት አይደል?»

ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው» አለ። እዚህ ደረሱ እንግዲህ። ሰው በገዛ አፉ ዋሽቻለሁ ሲል የማያምኑ፣ ተርጓሚው ሲናገር ግን ለዘንዶ የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው። ጥቂት እጆች መውጣት ጀመሩ። ሙፊዳ ሞቱማን አየችው። መሬት መሬት ያያል፤ ኮፍያው እጁ ላይ ተጨምድዷል።

«ሉሉን የሰረቀው መምህሯ ነው» አለች።

እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

«ሽማግሌው፣ ያ እናንተ የምትወዱት። እጅጌው ውስጥ ነው ያለው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነው። ሽመላዋ ሉሉን ታገኘዋለች፣ ግን ልዑሉን ለማዳን ትሰጠዋለች። እሷ ተራራው ጫፍ ላይ ድንጋይ ትሆናለች። ልዑሉም ሌላ ያገባል፤ በድንጋዩ አጠገብ ያልፋል እንጂ አያውቃትም። አለቀ። ካላመናችሁኝ ከረሻድ ጭናችሁ እዩት።»

የመጀመሪያው ድምፅ የሳሚያ ለቅሶ ነበር። የእውነት ለቅሶ፤ እናቷ ስትሞት እንዲህ አላለቀሰችም ይላሉ ያዩዋት። በከር ቆሞ፣ «ስንት ሳምንት ጠብቀን» ይላል። ያንኑ መልሶ፣ «ስንት ሳምንት» ይላል። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ፊታቸው ደም መስሎ፣ «አንቺ ሰው አይደለሽም። ይሄ ሁሉ ቤተሰብ ባንቺ ላይ ምን አደረገ?» አሏት።

«የሰው ሐቅ ነው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። ሰውዬው ሊባረር ነው እኮ።»

«እሱን ማን አነሣው አሁን?»

አዎ፣ ማንም አላነሣውም። እስከ ማምሻው የተከራከሩት ሙፊዳ ምን ትቀጣ በሚለው ላይ ነው። አንዱ ከፍላሽ ተራ ትውጣ አለ፤ ሌላው ከሸንጎው ጭምር አለ። ሕግ አውጪው ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ሁለቱንም አጸደቁ። እየተነጫነጩ ወደየቤታቸው ወጡ። ሞቱማ ኮፍያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ትንሽ ጠብቆ፣ የሚመለስ ሰው ሲያጣ፣ የጋራ ቤቱን መብራት አጥፍቶ ወደ ጥበቃው ሄደ።

በሥራው ላይ ቀረ። ንጹሕ ነው ብሎ የወሰነለት የለም፤ እጅ ማውጣቱ ተረስቶ ነው የቀረው። ሞተሩን ማን እንደወሰደው እስካሁን አይታወቅም። የዚህ አገር ሌባ መጨረሻው ክፍል ላይ ተንበርክኮ አይናዘዝም። የብሎኩ ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ይውላል፤ ሲወጣም የሚያማው ሞተሩን የሰረቀውን ሳይሆን መጨረሻውን የነገረችውን ነው።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ሳሚያ ጠመንጃ ያዥ መጣች። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ፊቷን የምታዞር ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ፣ ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ ገልመጥ እያለች መኪናው ጥግ ተጠጋች።

«ሙፊዳዬ፣ ላንድ ነገር ነው። ልዑሉ የሚያገባው ያቺን ቀይ የምትለብሰውን ነው?»

ሙፊዳ መኪናዋን አቆመች።

«ሳሚያ፣ ሞቱማን ይቅርታ ጠይቀሽዋል?»

«ለምኑ?» አለች ሳሚያ፣ ከልቧ ግራ ተጋብታ።