የጅብ ጥላ የነቀልኩበት ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ዝናብ ጥሎ ባደረ ቁጥር የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ዘሃራ እኔንና ታናሽ እህቴን ሐያትን አስከትለው ኮረብታ ይወጡ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ እናታችን ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ሱቅ ውስጥ ስለምትሠራ፣ አባታችንም ሾፌር ስለነበር የምንውለው ከእሳቸው ጋር ነው። በጥር ዝናብ ሳማ በጓንት እንለቅማለን፤ በመጋቢት ኮረብታው በሰናፍጭ አበባ ቢጫ ሲሆን ለጋ ቅጠሉን እንቀነጥሳለን፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ በለስ። እንጉዳይ ባየን ጊዜ ግን እትዬ እጃችንን ጥብቅ አድርገው ይይዙና ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

ማታ ከቤታችን ጀርባ ከሰል አቀጣጥለው ሳማውን ሲቀቅሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያቀላው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ ከሁሉ የምፈራው ይሄን ነበር፦ «እንጉዳይ የጅብ ጥላ ነው። ቀን ቀን ከሥሩ ይተኛል። ጥላውን የነቀለበትን ሰው ሽታውን ተከትሎ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሳማው ላይ እንዳጎነበሱ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ነጭ እንጉዳይ አየሁ። ጅቡ ይኖር እንደሆነ ለማየት ነቀልኩት። ምንም የለም። ዞር ስል ሐያት ከእጄ ቆርሳ እያኘከች ነው።

«ትፊው!» አልኳት። ዋጠችው።

የቀረውን ቁጥቋጦ ውስጥ ወረወርኩና እጄን በሳር ጠረግኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በመኪና ስንመለስ በኋላ መስታወት መንገዱን እያየሁ ነበር፤ ቤት ስንደርስም መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ።

እትዬ መግሪብ ሰግደው ሲነሱ ሐያት ማስመለስ ጀመረች። አላቆመችም።

«ምን በላች?» አሉኝ።

«ጅቡ እንዳይሰማን» አልኩ በሹክሹክታ። «ጥላውን ነቅዬበታለሁ። ሐያት በላችው። የቀረውን ጣልኩት።»

እያለቀሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«ጅብ የለም፣ የኔ ልጅ። ጅብማ ቢሆን በዱላ አባርረው ነበር። እህቴን ሩቅያን የገደላት እንጉዳይ ነው፤ ያንቺ እኩያ ነበረች። ይሄን ለልጅ እንዴት ልንገር ብዬ ነው ጅብ ያደረግኩት።»

ከሥራ ተመልሶ የነበረው አባቴ ሐያትን አቅፎ ተነሳ። «እትዬ፣ ኦኬ፣ በኋላ ያለቅሳሉ። ሶ፣ አንቺ፣ የጣልሽበትን ታውቂዋለሽ?»

ሆስፒታል አድርሷቸው እኔን ይዞ ኮረብታው ተመለሰ። በስልኩ መብራት ቁጥቋጦውን እየገለጥኩ፣ ከኋላዬ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ጅቡ መጣ እያልኩ፣ ቁራጩን አገኘሁት። ሆስፒታል ወስደን ስናሳያት ሐኪሟ መድኃኒት ልታዝ ሮጣ ወጣች።

ሐያት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ዘጠኝ ቀን ተኛች። እትዬ ከአልጋዋ ሥር አልጠፉም። በአሥረኛው ቀን ጭማቂ ጠጣች፤ ዳነች።

እትዬ ሳማ መልቀማቸውን አልተዉም። ከዚያ ወዲህ ግን ፍሙ ዳር ስንቀመጥ፣ ሩቅያ እንዴት እንደምትስቅ፣ ምን እንደምትወድ፣ እንጉዳዩን በበላች በስንተኛው ቀን እንደሞተችም ሳይሸሽጉ ነገሩን። ፍሙን እየቆሰቆሱ እስከ መጨረሻው ያወሩታል።

ሐያት ዛሬ ያን ቀን እንደ ቀልድ ታወራዋለች፤ ሰው ይስቃል። እኔ አብሬ መሳቅ ያቅተኛል። ያን ዕለት እስኪመሽ ከጎኗ ተቀምጬ ካርቱን እያየሁ፣ ሆዷን ስታሻሽም እያየሁ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ያሳለፍኳቸው ሰዓታት ፊቴ ላይ ይደቀናሉ።