ለአንካሳዋ መጡላት

ጋሼ ሬዲዮ የጥብቅ ደኑ ጠባቂ ሳለ ተራራውን እንደ ጓሮው ስለሚወጣው "ፍየሉ" ይሉት ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሕገወጥ አዳኞችን ሲያባርር ገደል ገብቶ ጭኑ ተሰበረ። ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው አወረዱት፤ ያንን ውለታ እስከ ዛሬ ያወራል። እግሩ ግን እንደ ነበረው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው አናት ላይ ባለች የቆርቆሮ ክፍል፣ ከመገናኛ ሬዲዮና ከአቅርቦ ማሳያ መነጽር ጋር ይውላል፤ "ጋሼ ሬዲዮ" የተባለውም ለዚህ ነው። ጠዋት መኪና ያወጣዋል፣ ማታ ያወርደዋል።

ማታ ማታ በሬዲዮው "የቀረ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ደን ውስጥ የቀረ ሰው ይመልሳል፤ ዝም ከተባለ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው።

ሰሞኑን ልቡን የሰቀለችው አንዲት ተኩላ ናት። አደን ላይ አጋዘን በኮቴው መትቶ የፊት እግሯን ሰብሯታል። ዛሬ ጠዋት መንጋው ጥሏት ለአደን ሄደ።

"መንጋው ትቷት ከሆነ፣ በረሃብ ከምትሰቃይ ነገ በጥይት እንገላግላታለን" አለው ወጣቱ የጠባቂዎች አለቃ በሬዲዮ። "እስከ ማታ ይከታተሉልኝ።"

"ይመጡላታል።"

"ጋሼ ደግሞ! የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል አልሰሙም?"

ቀኑን ሙሉ ዓይኑን ከመነጽሩ አልነቀለም፤ ምሳውንም ረሳው። "አይዞሽ እሜቴ፣ ሩቅ ሄደው ነው" ይላታል፣ የምትሰማው ይመስል። እሷ ቀና ብላ ትጮኻለች፤ የሚመልስላት የለም። እውነቱን ለመናገር የሚያባብለው ራሱን ነበር። እዚህ ከተቀመጠ ወዲህ ጠባቂዎቹ ሻይ ላይ የሚያወሩት እሱ ያልነበረበትን ነው፤ የሚስቀውም ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መንጋው ተመለሰ። መሪዋ ቀጥታ ወደ አንካሳዋ ሄዳ፣ አንገቷን ደፍታ የበላችውን ሥጋ ከሆዷ መልሳ ተፋችላት። ሌላውም ተከተለ። አንካሳዋ ጅራቷን እየቆላች በላች።

ጋሼ ሬዲዮ እንባው መጣ። መገናኛውን አፈፍ አድርጎ "አለቃ፣ መጡላት! መጡላት እኮ!" ብሎ ጮኸ።

መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ መኪናዋ ከኮረብታው ሥር ባለው የጠባቂዎቹ ቢሮ በር ላይ ቆማለች፤ ቢሮው ተዘግቷል። ጠባቂዎቹ ዛሬ ቀደም ብለው ገብተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። እሱን ማምጣቱን አንዱ ለሌላው ትቶት ይሆናል። ክፋት የለባቸውም፣ ረስተውት ነው። ክፋት ቢሆን ይሻለው ነበር።

ከዘራውን አንስቶ ቁልቁለቱን አየና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ልማዱ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ።

"የቀረ አለ?"

ዝም። ጥቂት ጠበቀና ቁልፉን ደግሞ ተጫነ።

"እኔ ቀርቻለሁ" አለ።