ከግጥሙ በፊት የተባለው

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ያ የማላምነው መልእክት እንደገና ብቅ አለ። የድምፅ መቅጃው ፕሮግራም አዲስ ስሪት ደርሷል፣ ይጫን ወይስ ይቆይ ይላል። ባለቤቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አይታ፣ አንድ ቁልፍ ለመጫን ሽማግሌ ይላክብህ ወይ ብላ ሳቀችብኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አልኳት። እኔም ሳቅሁ፤ እጄን ግን ከቁልፉ ላይ አንስቻለሁ።

ጅጅጋ ስመጣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከደሴ መጥቼ በአጎቴ ሱቅ ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ሶማሊኛዬ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም። በዕረፍቴ ክፍሌ ስቱዲዮ ትሆናለች፦ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክ፣ የባጃጅ ጥሩምባ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የምሰቅለው ብርድ ልብስ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠራጣሪ ነኝ። ሰው ሳልለምነው ዋጋ ከቀነሰልኝ፣ ዕቃው ምን ቢጎድለው ነው እላለሁ።

አከራዬ ኤዶ ሳህራ ይባሉ ነበር፤ ኤዶ አክስት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። የእህታቸው ልጅ አውበሬ ከተማ ስትዳር ክረምት ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው፣ እሳቸውም ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ ሴቶች በሠርግ የሚሉትን ግጥም፣ ቡራንቡሩን፣ በድምፅ ሊልኩ ወሰኑ። እንደ ልማዳቸው ሄል የበዛበት ሻህ፣ የሶማሌውን ሻይ፣ በፔርሙስ ይዘው ክፍሌ ገቡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ብርድ ልብሱን ስሰቅል ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አወሩ፤ ከዚያ ድምፃቸው ተነሣና ግጥሙ ወረደ። ቃሉ ባይገባኝም ሰውነቴን ወረረኝ።

ሲወጡ ማስተካከል ጀመርኩ። በጆሮዬ ሳይሆን በዓይኔ ነው የሠራሁት፤ ስክሪኑ ላይ ዝቅ ያለው ሞገድ ወሬ ነው፣ ከፍ ያለው ግጥም ነው ብዬ ወሬውን ቆረጥኩት። ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው ጎረቤታችን ፈርሃን ቅጂውን ወደ አውበሬ ላከው።

ከሠርጉ በኋላ ሻሁ ቀረ። ኤዶ ሳህራን ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፈርሃንን ነው፤ ቅጂውን ለሰው ሸጦታል ብዬ ደመደምኩ። እሱ ግን በሦስተኛው ቀን ራሱ ሱቃችን መጥቶ ጉዱን ነገረኝ። በእነሱ ዘንድ የሌላ ሰው ግጥም የሚል ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይጠራል። ግጥሙ የሙሽራዋ እናት፣ የኤዶ ሳህራ ሟች እህት የሆዳን ነው። ስሟ ሳይጠራ በመሰማቱ ሙሽራዋ፣ አክስቴ የእናቴን ግጥም የራሷ አደረገችው ብላ አኩርፋለች።

"ኤዶ ስሟን ጠርቻለሁ ትላለች፤ ያመናት የለም" አለኝ ፈርሃን። "አንተ ጋ አለ?"

እንደገና ብንቀዳቸውስ አልኩት። አሁን ብትለውማ ስትጋለጥ ጨመረችው ይሏታል አለ።

የተቆረጠው አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ ይሸሽገዋል እንጂ አይጥለውም። ችግሩ እኔ ጋ ያለው አሮጌ ስሪት ያንን ሥራ ልከፍት ስል ይደርቃል። ፈርሃን አዲሱ ይከፍተዋል፣ እኔ በነፃ እጭንልሃለሁ አለ። በነፃ ያላት ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። አዲሱ የድሮ ሥራ ያበላሻል፣ በአዲሱ የተቀመጠ ወደ አሮጌው አይመለስም ሲባል ሰምቻለሁ። ከተበላሸ የኤዶ ሳህራ ስም አብሮ መጥፋቱ ነው። ባስ ሲልም እሳቸውን ጠረጠርኩ። የእውነት ባይጠሯትስ?

ሁለት ቀን እንዲህ ሳመነታ አጎቴ ታዘበኝ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው የሚባለው" አለኝ ሜትሩን እየጠቀለለ። "አንተ ሥሩን ቆርጠህ ውኃውን ትጠረጥራለህ።"

የወሰንኩት ግን በእሱ ምክር አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት ስመለስ ኤዶ ሳህራ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ምንጣፉ በሴቶች ይሞላ ነበር። አፈርኩ፤ በቀጥታ ወደ ፈርሃን ሄድኩ።

አሁንም ግን ያው እኔው ነኝ። ሥራውን በፍላሽ ገልብጬ ፍላሹን ኪሴ ከተትኩ፤ ፈርሃን ሲጭን ጣቶቹን ከመቁጠር በቀር የቀረኝ የለም። ሲያልቅ ሥራው ተከፈተ። የቆረጥኩትን ጫፍ ይዤ ወደ ግራ ሳብኩት፤ ዝቅ ያለው ሞገድ ወጣ። ፈርሃን ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

"'ይህ የእህቴ የሆዳን ግጥም ነው፣ እኔ አፏ ነኝ' ትላለች።" ቀጥሎ ዞሮ አየኝ። "ከዚህ በኋላ ስላንተ ነው። 'የሚቀዳው ዳውድ ነው፤ አንድ ቃል አያጎድልብኝም' ትላለች።"

ስሜ ዳዊት ነው፤ እሳቸው ዳውድ ነበር የሚሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ሙሉው ቅጂ አውበሬ በደረሰ ማግስት ሙሽራዋ ደውላ አለቀሰች፤ በሳምንቱም ምንጣፉ እንደ ድሮው ሞላ። ኤዶ ሳህራም ፔርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ሻሁን ቀድተው መጀመሪያ ራሳቸው ፉት አሉና ስኒውን ሰጡኝ።

"እንዳትጠረጥር" አሉኝ።

ዛሬ ኤዶ ሳህራ በሕይወት የሉም። ያንን መግቢያ ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ፈርሃን አዝኖልኝ የጨመረው ቢሆንስ እያልኩ፣ ሶማሊኛው ከገባኝ በኋላ እንኳ ማረጋገጡን ፈራሁ። ዛሬ ግን ሥራዬን ሁሉ ሦስት ቦታ ገለበጥኩና፣ ባለቤቴ እየሳቀችብኝ፣ ይጫን አልኩ። እንዳለቀ መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው።

ፈርሃን የጨመረው ነገር የለም። ያጎደለው ግን አንድ ቃል አለ፤ ምናልባት ቸኩሎ ይሆናል። ኤዶ ሳህራ ስሜን ከመጥራታቸው በፊት "ዊልካይጋ" ብለዋል፤ ልጄ ማለት ነው። መልሼ መልሼ ሰማሁት፤ ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ።